ከከፍታ መውደቅን መከላከል ምንድን ነው?

ክረምት ሊገባ ሲል የዩኒቨርሲቲ ጥገና ክፍል ስልክ እረፍት የለውም። የመማሪያ ክፍል ጣሪያ ያፈሳል። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኗል። ሮቶው ውኃ አልሞላ ብሏል። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «እስቲ ቶሎ ብለህ ውጣና እየው።» ልጁም መሰላሉን ተሸክሞ ይሄዳል።

ያ ልጅ በሰላም እንዲወርድ አስቀድሞ የሚደረገው ዝግጅት ሁሉ ከከፍታ መውደቅን መከላከል ይባላል። ብዙ ሰው ነገሩን ከቀበቶ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። «ሴፍቲ ቤልት ተሰጥቶታል» ከተባለ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ቀበቶ ግን ሌላው ሁሉ ሳይቻል ሲቀር የሚመጣ ነው።

ከፍታ ሲባል የግድ አሥረኛ ፎቅ አይደለም። ከ3 ሜትር የሚወድቅ ሰው አንድ ሰከንድ ሳይሞላ መሬት ይደርሳል። ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ መከላከያ ግዴታ የሚሆነው በግንባታ ሥራ ከ1.8 ሜትር፣ በሌላው አብዛኛው ሥራ ከ1.2 ሜትር ጀምሮ ነው። ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርቦ አምፖል የሚቀይር ሰው እዚህ ከፍታ ላይ ደርሷል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መውጣት ግድ ነው ወይ?» ነው። አሸንዳው መደፈኑን ለማየት ዘንግ ላይ የታሰረ የስልክ ካሜራ ይበቃል። መስኮትም እጀታው ረጅም በሆነ መወልወያ ከመሬት ሆኖ ይጸዳል። መውጣቱ ካልቀረ ጠርዙ ይዘጋ። 1 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጠንካራ ሃንድሬል ጣሪያው ላይ የወጣውን ሁሉ ይጠብቃል፤ የደከመውንም፣ የቸኮለውንም። ያ ካልተቻለ ደግሞ ሠራተኛው ጠርዙ ጋ እንዳይደርስ አሳጥሮ የሚይዘው ገመድ አለ።

ጣሪያ ላይ የሚያስፈራው ጠርዙ ብቻ አይደለም። ብርሃን እንዲያስገባ በቆርቆሮው መሃል የሚገባው ፕላስቲክ ፀሐይ ሲበላው ይደርቅና ይሰበራል። አቧራ ሲለብስ ከቆርቆሮው አይለይም። የረገጠው ሰው ቀጥታ ወደ ክፍሉ ይወርዳል። እነዚህ ቦታዎች ቀለም ሊቀቡ፣ መረማመጃ ጣውላ ሊደረግላቸው ይገባል።

አሁን ወደ ቀበቶው። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ለሚወድቅ ሰው አይሆንም፤ ራሱ ሊጎዳው ይችላል። የሚያስፈልገው ትከሻንና ጭንን የሚይዘው ነው። ቀጥሎ ሒሳቡ ይመጣል። ቀበቶውን ጣሪያው ላይ የሚያስረው ገመድ 1.8 ሜትር ነው እንበል። ገመዱ ላይ ያለው፣ የውድቀቱን ምት የሚያበርደው ክፍል ሲተረተር 1 ሜትር ያህል ይጨምራል። ከጀርባ ማያያዣው እስከ እግር ደግሞ 1.5 ሜትር ገደማ አለ። ድምሩ 4.3 ሜትር ነው። ገመዱ የታሰረው 4 ሜትር ከፍታ ባለው ጣሪያ ላይ ከሆነ ሰውየው ቀበቶውን እንደታጠቀ መሬት ይመታል። ፎቅ በሌለው ቤት ጣሪያ ላይ «ታጥቋል» ብሎ መተማመን እንዲህ ያታልላል።

የሚታሰርበትም ነገር ወሳኝ ነው። እዚያው የአሜሪካ ደንብ ማሰሪያው ለአንድ ሰው ወደ 2,270 ኪሎ ግራም ጭነት እንዲችል ይጠይቃል። የውኃ ቧንቧ ወይም አሸንዳ ይህን አይችልም።

ግቢ ውስጥ ይህን ሁሉ የሚያስተዳድር ሰው ሥራው ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የስድስት ኪሎ ግቢ ብናይ የድሮው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም፣ ዘመናዊ ፎቆችም በአንድ ግቢ አሉ። ለሁሉም የሚሆን አንድ መመሪያ አይገኝም። እያንዳንዱ ጣሪያ ተዞሮ መታየትና መመዝገብ አለበት። በእኔ እምነት ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ግን ቁልፉ ነው። የጣሪያ በር ይቆለፍ። ማን፣ ለምን፣ ከማን ጋር እንደሚወጣ በወረቀት ሳይፈረም ቁልፉ አይሰጥ። ዝናብ ከጣለ ፈቃዱ ይሰረዝ። «የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» የሚለው ሰበብ በብዛት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

«እሱ የኮንትራክተሩ ጉዳይ ነው» ማለትም አያዋጣም። ኮንትራክተሩ ባቆመው የባህር ዛፍ ርብራብ ሥር የሚያልፉት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ናቸው። ከላይ የሚወድቅ መዶሻ ማንን እንደሚመታ አይመርጥም፤ ከሥር ያለው መተላለፊያ መታጠር አለበት።

ሕጉም ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኛ ከአደጋ በተጠበቀ አካባቢ የመሥራት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ሥልጠና እንዲሰጥ፣ አደጋ እንዲመዘግብና እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የኮንትራክተር የቀን ሠራተኛም ሠራተኛ ነው።

አንድ ነገር በብዛት ይዘነጋል፤ ማውረድ። ቀበቶው ይዞት አየር ላይ የቀረ ሰው ደሙ እግሩ ላይ እየተጠራቀመ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ወደ አዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ ስልክ፣ 939፣ መደወል ግድ ነው፤ መኪናው የአራት ኪሎን መጨናነቅ አልፎ እስኪደርስ ግን ጊዜ የለም። ስለዚህ ማን፣ በየትኛው መሰላል ወይም ገመድ እንደሚያወርደው የሚወሰነው ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ነው።