ነገን መቃኘት ጥንቆላ አይደለም

ሁለት ቀን ሙሉ የፈጀ ስብሰባ ነበር። ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ በባለ ቀለም ማስታወሻ ወረቀት ተለጥፏል። አራት ቡድኖች ከሃያ ዓመት በኋላ ሊኖሩ የሚችሉ አራት ዓለሞችን ስለው አቅርበዋል፤ ክርክሩም ሞቅ ያለ ነበር። በመጨረሻ ፊት ለፊት የተቀመጡት ከፍተኛ ኃላፊ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «በርቱ፣ ደክማችኋል። እንግዲህ ከአራቱ የሚሆነው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

የኃላፊው ጥያቄ የሚያስቅ አልነበረም። ጥፋቱ ሥራው ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ያላስረዳነው የእኛ የአዘጋጆቹ ነው። አርቆ ማየት ወይም የወደፊት ቅኝት የሚባለው ሥራ፣ መንግሥት ፖሊሲ ሲያወጣ ወይም ዲዛይነር አንድን አገልግሎት ሲነድፍ፣ ሊመጡ የሚችሉ የተለያዩ ነገዎችን በሥርዓት የሚመረምርበት ዘዴ ነው። በዙሪያው የሚነገሩትን ስህተቶች ደጋግሜ ስለሰማኋቸው አንድ በአንድ ልመልስባቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ትንበያ ነው፤ ካልያዘ ከሽፏል»

የአየር ጠባይ ባለሙያ ነገ ይዘንባል ካለ፣ ነገ ራሱ ይፈርድበታል። ሴናሪዮ ግን እንዲህ አይዳኝም። ሴናሪዮ «እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ የሚነሳ፣ እርስ በርሱ የማይጋጭ ታሪክ ነው። የሚለካውም በመድረሱ ሳይሆን ዛሬ የምንወስነውን ነገር በመፈተኑ ነው። ለሃምሳ ዓመት የሚሠራ ግድብ ወይም የጡረታ ሕግ በአራቱም ዓለሞች ውስጥ ይቆማል ወይስ በሁለቱ ይፈርሳል? የምንፈልገው የዚህን መልስ ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚጠቅሰው የነዳጅ ኩባንያውን የሼልን ታሪክ ነው። ለሙያው ሰው የሰለቸ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ተጣሞ ይነገራል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኩባንያው የዕቅድ ባለሙያ ፒየር ዋክና ባልደረቦቹ በኦክቶበር 1973 በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ይነሳል፣ ነዳጅም ይወደዳል ብለው አልተነበዩም። ያደረጉት ራሳቸውን በአምራቾቹ አገሮች ቦታ አስቀምጠው ማሰብ ነው። አንድ አገር ወጪ አድርጎ ከሚጨርሰው በላይ ገቢ ካለው፣ ሀብቱን በርካሽ እየቀዳ የሚያፈስበት ምክንያት ምንድን ነው? ከዚህ ጥያቄ ምርት የሚገደብበትና ዋጋ የሚያሻቅብበት አንድ ሴናሪዮ ወጣ። ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አራት እጥፍ ሲጠጋ የሼል ሥራ አስኪያጆች ነገሩን አስቀድመው አስበውበት ነበር፤ ከሌሎች የተሻሉትም በዚህ ነው።

ትንበያ ዋጋ ቢስ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከሃያ ዓመት በኋላ ሠላሳ ዓመት የሚሞላቸው ሰዎች ዛሬ ተወልደዋል፤ መቁጠር ይቻላል። ሊቆጠር የሚችለውን መቁጠር፣ የማይቆጠረውን በሴናሪዮ መመርመር ነው። ችግር የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው።

«ያሰበው ሰው ያቀደው ነው»

ኦክቶበር 18 ቀን 2019 የጆንስ ሆፕኪንስ የጤና ደኅንነት ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ ኒው ዮርክ ላይ «ኢቨንት 201» የተባለ ልምምድ አካሄደ። የልምምዱ ታሪክ አዲስ የኮሮና ቫይረስ ከሌሊት ወፍ ወደ አሳማ፣ ከአሳማ ወደ ሰው ተላልፎ ዓለምን ያዳርሳል የሚል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ እውነተኛው ወረርሽኝ መጣ፤ «እነሱ ናቸው ያቀዱት» የሚለው ወሬም እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ።

ኮሮናን የመረጡት ግን ምሥጢር ስለሚያውቁ አልነበረም። ሳርስ በ2003፣ መርስ በ2012 ዓለምን አስደንግጠዋል፤ ሁለቱም የዚሁ ቤተሰብ ቫይረሶች ናቸው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሕንፃ ይቃጠላል ብሎ ስለተለማመደ ክብሪት ለኳሽ አይባልም።

«ጥሩ፣ መጥፎና መካከለኛ፤ ሦስት ይበቃል»

ሦስት አማራጭ የቀረበለት ሰው መካከለኛውን ይመርጣል። እኔም እመርጣለሁ። መካከለኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዛሬው ሁኔታ ትንሽ ቀለም ተቀብቶ ነው። ስለዚህ ሦስት ሴናሪዮ የሠራ መሥሪያ ቤት በተግባር አንድ ብቻ ነው የሠራው።

ጥሩ ሴናሪዮዎች የሚለያዩት በውስጣቸው በሚሠራው ኃይል እንጂ በውጤታቸው ጣዕም አይደለም። በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርተ ዓመታት ያስተማሩት ጂም ዴተር ሰዎች ስለ ነገ የሚያወሩትን በአራት መደብ ከፍለውታል፦ ዕድገት እንዳለ የሚቀጥልበት፣ ሁሉ የሚፈርስበት፣ ኅብረተሰቡ ራሱን በሥርዓት የሚገድብበት፣ ሁሉ ነገር ከሥሩ የሚለወጥበት። በእያንዳንዱ ውስጥ የሚያተርፍም የሚከስርም አለ። ፍጹም ጥሩ ወይም ፍጹም መጥፎ የሆነ የለም፤ ለማመን የሚያስቸግረው ይህ ነው።

በዚህ ረገድ እንደ ሞን ፍለር የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ እየወጣች ሳለች፣ በ1991 እና 1992፣ 22 ሰዎች ስቴለንቦሽ ከተማ አጠገብ በሚገኝ ሞን ፍለር በተባለ ማረፊያ በተለያዩ ጊዜያት ተሰበሰቡ። ፖለቲከኞች፣ የንግድ ሰዎች፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰዎችና ምሁራን ነበሩ፤ ጥቂት ቀደም ብሎ አንዳንዶቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ ብሎ የሚያስብ አልነበረም። አወያዩ አዳም ካሃኔ የጠየቃቸው «ምን ትፈልጋላችሁ?» ሳይሆን «ምን ሊሆን ይችላል?» የሚል ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ ያጣላል፤ ሁለተኛው ጠላቶችንም ለአፍታ ያስማማል።

አራት ታሪክ ወጣ፤ ለእያንዳንዱም ክንፍ ያለው ፍጡር ስም ሰጡት። «ሰጎን»፦ መንግሥት ራሱን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ አልደራደርም የሚልበት። «አንካሳ ዳክዬ»፦ ሽግግሩ ተንዛዝቶ አቅም ያለው መንግሥት የሚጠፋበት። «ኢካሩስ»፦ በሰም ክንፍ እንደበረረው የግሪክ ተረት ወጣት፣ አዲሱ መንግሥት ከአቅም በላይ እያወጣ ወደ ፀሐይ በሮ የሚወድቅበት። «የፍላሚንጎዎች በረራ»፦ ሁሉም በዝግታ፣ ግን በአንድነት የሚነሱበት። ይበልጥ የከነከነው ኢካሩስ ነበር፤ ምክንያቱም ታሪኩ የሚያስጠነቅቀው አሸናፊ ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀውን ወገን፣ የማንዴላን ፓርቲ ኤኤንሲን ነው። ከተሳታፊዎቹ መካከል የነበሩት የዚሁ ፓርቲ ሰዎች ትሬቨር ማኑኤል በ1996 የገንዘብ ሚኒስትር፣ ቲቶ ምቦዌኒ በ1999 የማዕከላዊ ባንክ ገዥ ሆኑ፤ ሁለቱም የሚታወቁት ገንዘብ አባካኝ ባለመሆናቸው ነው። የዚያ ጠረጴዛ ተጽዕኖ ይህን ያህል ነው ብሎ መመዘን ያስቸግራል። ኢካሩስን መፍራት ለድኾች ሊወጣ ይገባ የነበረውን ገንዘብ አስቀርቷል ብለው የሚከራከሩም አሉ፤ ክርክሩ መደመጥ ያለበት ነው። ጥሩ ስም ያለው ሴናሪዮ ያሳያል፤ ይጋርዳልም።

«የባለሙያዎች ጉዳይ ነው»

ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ባለሙያ ብቻውን ግን አይበቃም። በ1950ዎቹ በአሜሪካው ራንድ ተቋም የተፈለሰፈው የዴልፊ ዘዴ ራሱ ባለሙያን ከባለሙያ ለመጠበቅ የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተሳታፊዎቹ ስማቸው ሳይገለጥ በጽሑፍ ይመልሳሉ፣ የሌሎቹን መልስ ያያሉ፣ ከዚያ ሐሳባቸውን ያስተካክላሉ ወይም ይከራከራሉ። ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ ቢቀመጡ ኖሮ ትልቁ ሰው ቀድሞ ይናገራል፣ የቀረው ራሱን ይነቀንቃል። (ስሙ የጥንት ግሪኮች ትንቢት ከሚጠይቁበት ቦታ መወሰዱ ለመጀመሪያው ስህተት ሳያግዝ አልቀረም።)

በ2006 ደግሞ ሃዋይ ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች አንድ አዳራሽ ተጋብዘው በአራት ክፍሎች ተከፋፈሉ። እያንዳንዱ ክፍል ከዴተር አራት መደቦች በአንዱ መሠረት የተዘጋጀ የ2050 ሃዋይ ነበር። ሰዎቹ ማብራሪያ አልተሰጣቸውም፤ ልክ በዚያ ዓመት እንደሚኖሩ ሆነው ነው የተስተናገዱት።

«ዲዛይኑ ማስዋቢያ ነው»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ቁጥር አዋቂዎች ናቸው። መልሴ አንድ ጠርሙስ አየር ነው።

ሱፐርፍላክስ የተባለ የዲዛይን ድርጅት የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ባለሥልጣናት ስለ ኃይል የወደፊት ዕጣ እንዲያስቡ ሴናሪዮዎችን በአካል አዘጋጅቶ አቀረበ። ከድርጅቱ መሥራቾች አንዷ አናብ ጄይን እንደተናገረችው፣ አንድ ተሳታፊ ሰው መኪናውን ትቶ በሕዝብ ማመላለሻ ይሄዳል የሚለው ነገር አልዋጥ አለው፤ ለገዛ ልጁ መኪና መንዳት አቁም ሊለው እንደማይችል ነገራት። ቡድኑ ለዚህ ተዘጋጅቶ ነበር። አሁን ባለው አካሄድ ከተቀጠለ አየሩ በመጪዎቹ አሥርተ ዓመታት ምን እንደሚሸት በኬሚካል አቀናብረው አምጥተውት ስለነበር፣ «እስኪ አሽቱት» አሏቸው። አንድ ትንፋሽ፣ የብክለት ሰንጠረዥ በመቶ ገጽ ሊያደርገው ያልቻለውን አደረገ። በማግስቱ መንግሥት በታዳሽ ኃይል ላይ ከፍተኛ ገንዘብ እንደሚያፈስ አስታወቀ። ጄይን ራሷ በውሳኔው ውስጥ የጠርሙሱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ እንደማታውቅ ተናግራለች፤ ሐቀኝነቷን ወድጄዋለሁ። እንዲህ ያለ ፖሊሲ በአንድ ከሰዓት በኋላ አይወለድም።

ለዲዛይነሮቹም ግን አንድ ወቀሳ አለኝ። አስፈሪ ነገን በሚያምር መብራት አሳይቶ ማስጨብጨብ ቀላል ነው። ውኃ በራሽን፣ ጭስ የሞላበት ሰማይ፣ በየበሩ ፍተሻ፤ ለአንዱ የኤግዚቢሽን ቅዠት የሆነው ለሌላው የትናንት ማክሰኞ ነው። ያንን ኑሮ ዛሬ የሚኖረው ሰው ከአዘጋጆቹ መካከል ከሌለ፣ ሥራው ማስዋቢያ ነው የሚሉት ሰዎች እውነት አላቸው።

«ዛሬ የሚነድ ጉዳይ እያለ ስለ 2100 ማሰብ ቅንጦት ነው»

የለንደንን የጎርፍ መከላከያ እንመልከት። በ1953 የሰሜን ባሕር ማዕበል በእንግሊዝ ከ300 በላይ፣ በኔዘርላንድስ ከ1,800 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ በቴምዝ ወንዝ ላይ ግዙፍ የብረት መዝጊያዎች ተሠርተው በ1982 ሥራ ጀመሩ። የባሕሩ ከፍታ ግን እየጨመረ ነው፤ ምን ያህል እንደሚጨምር በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ምን ይደረግ? ለክፉው ግምት የሚበቃ አዲስ መዝጊያ ዛሬ መገንባት ከንቱ ወጪ ሊሆን ይችላል። ዝም ብሎ መጠበቅ ደግሞ ከተማዋን ውኃ እንዲበላት መተው ነው።

በ2012 የጸደቀው የቴምዝ 2100 ዕቅድ ሦስተኛ መንገድ መረጠ። አንድ መልስ በመስጠት ፈንታ መንገዶችን ነደፈ፦ ባሕሩ ይህን ያህል ከጨመረ ይህን ማድረግ፣ ከዚያ ካለፈ ወደዚያኛው መዞር። የባሕር ከፍታ፣ የመከላከያዎቹ ይዞታና ሌሎች ምልክቶች በየጊዜው ይለካሉ፤ ዕቅዱም በየአሥር ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይከለሳል። መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደተዘጋም ይቆጠራል፤ በ2013 እና 2014 መካከል በነበሩት ቀዝቃዛ ወራት ብቻ 50 ጊዜ ተዘግቷል። የመጀመሪያው ዕቅድ ስለ መዝጊያው የወደፊት ዕጣ የሚሰጠው ትልቁ ውሳኔ በ2050 እንዲሆን ነበር የሚለው፤ በ2023 ሲከለስ ወደ 2040 መጣ። ምልክቶቹ ተቀየሩና ቀጠሮው ቀረበ። ስለ 2100 ማሰብ ማለት ዛሬ የቱን አለመሥራት እንደሚቻልና እስከ መቼ ማወቅ ማለት ነው፤ ገንዘብ ያጠረው ሰው ደግሞ ይህን ከሀብታሙ ይበልጥ ይፈልገዋል።

«ሰነዱ ከታተመ ሥራው አለቀ»

በመግቢያው የጠቀስኩት አዳራሽ ማታውኑ ለሰርግ ተከራይቶ ስለነበር ወረቀቶቹን የጽዳት ሠራተኞች ቦጭቀው አነሷቸው። ሰነዱ ታተመ። ከዚያ ወዲህ አንድም ውሳኔ ላይ ሲጠቀስ አላየሁም።

የእኛ ያለ ጉዳት አለፈ። ብሪታንያ በኦክቶበር 2016 «ሲግነስ» የተባለ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ልምምድ ለሦስት ቀናት አካሂዳ ነበር። ሪፖርቱ ዝግጅቱ ከባድ ወረርሽኝን ለመቋቋም እንደማይበቃ በግልጽ አስቀመጠ። ለሕዝብ በይፋ የታተመው ግን በ2020፣ የኮሮና ወረርሽኝ ከገባ በኋላ ነው፤ ከምክሮቹም ብዙዎቹ እስከዚያ አልተፈጸሙም። አገሪቱ ኮሮናን እንዴት እንደተቋቋመች እንዲመረምር የተቋቋመው መርማሪ ጉባኤ በ2024 ያወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ሌላም ጨመረ፦ አገሪቱ የተዘጋጀችው ለተሳሳተ ወረርሽኝ ነበር። ሁሉ ነገር በኢንፍሉዌንዛ ልክ ተሰፍቶ ነበርና።

ሰነዱ ተረስቶ እንዳይቀር፣ አንዳንዶች ስለ ነገ የማሰቡን ሥራ በሕግ አስረውታል። የፊንላንድ ፓርላማ ከ1993 ጀምሮ የወደፊት ጉዳዮች ኮሚቴ አለው፤ መንግሥትም በእያንዳንዱ የምርጫ ዘመን ስለ ወደፊት ሪፖርት ያቀርብለታል። ዌልስ በ2015 ባወጣችው ሕግ የመጪ ትውልዶች ኮሚሽነር ሾማለች። በኒውፖርት ከተማ አጠገብ ሊሠራ የታሰበውን አውራ ጎዳና የመጀመሪያዋ ኮሚሽነር ሶፊ ሃው በአደባባይ ተቃወሙት። መንገዱን የማስቆም ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ማሳሰብና መልስ መጠየቅ ብቻ ነው የሚችሉት። ጉዳዩ ዓመታት ፈጅቶ በ2019 የመንግሥቱ መሪ ማርክ ድሬክፎርድ ወጪውንና በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ጠቅሰው ዕቅዱን ሰረዙት። መንገዱ እንዲሠራ የሚፈልጉት ሰዎች እስከ ዛሬ በውሳኔው አልተስማሙም፤ በዚያ በኩል የሚያልፈው አሮጌው መንገድም እንደተጨናነቀ ነው።