ዩኒቨርስ ጅማሬ ባይኖረውስ?

በጌታ የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ «ዩኒቨርስ ሁልጊዜም የነበረ ቢሆንስ? ታዲያ ፈጣሪ ለምን ያስፈልጋል?» ሲባል ብዙዎቻችን ወደ ቢግ ባንግ፣ ዩኒቨርስ ከጋለና ከታመቀ ሁኔታ ተነስቶ ተስፋፋ ወደሚለው ሐሳብ፣ እንሮጣለን። «ሳይንስ ራሱ ጅማሬ አለው ብሏል» ብለን ነገሩን ልንዘጋው እንፈልጋለን። ባንቸኩል ጥሩ ነው።

ሳይንሱ ቀላል ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ሳይንቲስቶቹ አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን አሜሪካ፣ ኒው ጀርዚ ውስጥ በአንድ ትልቅ አንቴና ሲሠሩ አልጠፋ ያለ የሬዲዮ ጩኸት ገጠማቸው። አንቴናውን ወደየትም ቢያዞሩት ያው ነው። ቀንም ሌሊትም ያው። ውስጡ ርግቦች ሰፍረው ስለነበር እነሱን አስወጥተው ኩሳቸውን ጠረጉ። ጩኸቱ ግን ንቅንቅ አላለም። በኋላ ሲታወቅ፣ ከዩኒቨርስ የልጅነት ዘመን የቀረ ጨረር ኖሯል። ዛሬ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሆኗል። ዩኒቨርስ ከዚያ የጋለና የታመቀ ሁኔታ መስፋፋት ከጀመረ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል እንደሆነ ይገመታል።

የዚህን ሐሳብ መሠረት ከጣሉት አንዱ ቤልጂየማዊው ካህን ጆርጅ ለሜትር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ አዲሱ ሳይንስ ስለ ፈጣሪ ይመሰክራል የሚል ንግግር ሲያደርጉ ግን ለሜትር ደስ አላላቸውም። ሌላው ቄስ ቢሆን እልል ይል ነበር! እሳቸው ግን ስሌታቸው የሃይማኖትን ጥያቄ ለመፍታት የተሠራ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ቢግ ባንግ የሚነግረን ዩኒቨርስ እንዴት እንደተስፋፋ ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ይኑር አይኑር የፊዚክስ ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ። እምነታችንን እዚያ ላይ ከሰቀልነው አዲስ ጥናት በወጣ ቁጥር መደንገጣችን አይቀርም።

በፍልስፍና በኩልም ክርክሩ የቆየ ነው። አርስቶትል ዓለም ጅማሬ የላትም ብሎ ነበር። በ6ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ክርስቲያን ፈላስፋ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ተቃወመው። ያለፈው ጊዜ ማለቂያ ከሌለው እንዴት አልቆ ዛሬ ላይ ተደረሰ? ነው ነገሩ። እኔ ይህ ሙግት ይጥመኛል። ግን ሁሉን አላሳመነም። የካቶሊክ መምህሩ ቶማስ አኳይናስ በ13ኛው መቶ ዘመን፣ ዓለም ጅማሬ እንዳላት በእምነት እንይዘዋለን እንጂ በማስረጃ ልናረጋግጠው አንችልም አለ። ያልጠነከረ ማስረጃ ይዘን ብንቀርብ የማያምኑት ይስቁብናል፣ የምናምነውም በዚህ የተነሳ ይመስላቸዋል ብሎ አስጠነቀቀ። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ እግዚአብሔር የሁሉ የመጀመሪያ ምክንያት ነው ብሎ የተሟገተው።

እንዴት ሁለቱን አንድ ላይ ያዘ? ቅዱስ አውግስጢኖስ ከፕላቶን ተከታዮች ያቆየልን ምሳሌ እዚህ ጋ ይረዳል። አንድ እግር ከዘላለም ጀምሮ አቧራ ላይ ቆሞ ቢሆን ከሥሩ ያለው ዱካም ዘላለማዊ ይሆናል። ዱካው ያልነበረበት ጊዜ የለም። ያም ሆኖ ዱካውን የሠራው እግሩ ነው። አውግስጢኖስ ራሱ ዓለም ጅማሬ አላት ብሎ ያምናል፤ እኛም «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» የሚለውን እንቀበላለን። ምሳሌው ግን አንድ ነገር ያሳያል። ዕድሜ ማርዘም ጥያቄውን አያጠፋውም። መኖርን ከራሱ ያላገኘ ነገር፣ ቢሊዮን ዓመት ቢቆይም ማለቂያ ባይኖረውም፣ ያው ተቀባይ ነው።

እዚህ ላይ የእኛም ሰዎች ይሳሳታሉ። «ማንኛውም ነገር ምክንያት አለው» ይላሉ። ጠያቂውም ወዲያው «እግዚአብሔርንስ ማን ፈጠረው?» ይላል። ልክ ነው፣ በሩን የከፈትነው እኛ ነን። ቤተ ክርስቲያን የምትለው ግን ሌላ ነው። ምክንያት የሚያሻው የተፈጠረ ነገር ነው። እግዚአብሔር ደግሞ «ከዘላለም እስከ ዘላለም ድረስ አንተ ነህ» የተባለለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በሬዲዮ በተደረገ ክርክር እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል ዩኒቨርስ እንዲሁ አለ፣ በቃ፣ የሚል መልስ ሰጥቷል። እንዲህ ማለት ይቻላል። መጠየቅን ማቆም ግን መልስ ማግኘት አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። «የመጀመሪያ» ስንል አእምሯችን ወደ ጥንት ብቻ ይሄዳል። እግዚአብሔር አንድ ጊዜ ገፋ አድርጎ ዞር ያለ ይመስለናል። ከዚያ ጸሎታችን ሩቅ አገር ላለ ዘመድ እንደሚደረግ ጥሪ ይሆናል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ስለ ክርስቶስ ሲጽፍ ግን «ሁሉም በእርሱ ተጋጥሞአል» ይላል። መዝሙረኛውም ፊትህን ስትመልስ ይደነግጣሉ፣ ወደ አፈራቸውም ይመለሳሉ ይላል። ይህን እያነበባችሁ የምትስቡት አየር፣ ደረታችሁ ውስጥ የሚመታው ልብ፣ አሁን በዚህች ቅጽበት የተሰጣችሁ ነው። የማታ ጸሎታችሁን ስትጀምሩ ከመለመናችሁ በፊት ለአፍታ ቆም በሉና ስለዚህ ብቻ አመስግኑት።

ጅማሬ የሌለው ዩኒቨርስ ደግሞ አዲስ ወሬ አይደለም። ጳውሎስ አቴና ላይ ከተከራከሩት መካከል ኤፊቆሮሳውያን የተባሉ ፈላስፎች ነበሩ። እነሱ አቶሞችና ባዶ ቦታ ጅማሬም ወሰንም የላቸውም ብለው ያስተምሩ ነበር። ጳውሎስ ዓለም ስንት ዓመቷ ነው ብሎ አልተከራከረም። ዓለሙንና በእርሱ ያለውን ሁሉ የፈጠረ አምላክ «ሕይወትንና እስትንፋስን ሁሉንም ለሁሉ ይሰጣልና» አላቸው። «በእርሱ ሕያዋን ነንና» ሲልም ሰሙት። እኩሌቶቹ ያፌዙበት የሙታንን ትንሣኤ ሲያነሳ ነው። እኩሌቶቹ ሌላ ጊዜ እንሰማሃለን አሉት። ዲዮናስዮስ፣ ደማሪስ የምትባል ሴትና ሌሎችም ግን አመኑ።