የሞዴል ባቡር ሐዲድ ሲመርጡ የሚያሳስቱ አባባሎች

የሞዴል ባቡር መሥራት የጀመረ ሰው ገንዘቡን ባቡሩ ላይ ይጨርስና ሐዲዱን «የተገኘው ይሁን» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ሐዲዱ ይቅደም ባይ ነኝ። ብዙ ሰው የሚስትባቸውን እንያቸው።

«ባቡሩ ሐዲዱ ላይ ከገጠመ ልኩ ነው።»
አይደለም። ኤችኦ የሚባለው መጠን ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል፤ የእንግሊዞቹ ኦኦ ደግሞ 76 ጊዜ። ሁለቱም የሚሄዱት ግን ስፋቱ፣ ማለትም በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት፣ 16.5 ሚሊሜትር በሆነ ሐዲድ ላይ ነው። ለኤችኦ ልክ ነው፤ ለኦኦ ይጠብባል፣ ወደ 18.8 መሆን ነበረበት። የድሮውን የለገሃር ባቡር መሥራት ያማረው ሰው በተለይ እዚህ ላይ ልብ ይበል። የዚያ መስመር ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ የአሁኑ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 1,435 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ በኤችኦ መጠን ለድሮው ባለ 12 ሚሊሜትር ሐዲድ፣ ለአዲሱ ባለ 16.5 ነው የሚገዛው። የድሮውን በ16.5 ካስኬዱት መልኩ ይጠፋል።

«የኮድ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥራቱም ከፍ ይላል።»
ኮድ የሚናገረው የሐዲዱን ቁመት ብቻ ነው። ኮድ 100 ማለት 2.54 ሚሊሜትር፣ ኮድ 75 ደግሞ 1.9 ገደማ ነው። ለዓይን እውነተኛውን የሚመስለው ዝቅ ያለው ነው። ሆኖም የቆዩ ሞዴሎች የመንኮራኩር ጠርዝ ወደ ታች ይረዝማል። ኮድ 75 ላይ ሲሄዱ ሐዲዱን የያዙትን የፕላስቲክ ጥርሶች እየነኩ ይንገጫገጫሉ። ያረጀ ባቡር ያለው ሰው ኮድ 100 ይያዝ።

«ከኒኬል ሲልቨር የተሠራ ሐዲድ ብር ስላለበት ነው የሚመረጠው።»
ቅንጣት ብር የለበትም። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ኤሌክትሪክ በማስተላለፍማ ናስ ይበልጠዋል! የሚመረጠው ናስ ላይ እንደሚፈጠረው ያለ ኤሌክትሪክ የሚከለክል ሽፋን ቶሎ ስለማይይዘው ነው። የብረቱ ሐዲድ እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፤ ባይገዙት ይሻላል።

«ጠባብ ኩርባ ቦታ ይቆጥባል።»
ይቆጥባል፣ ግን 26.4 ሜትር የሚረዝም የመንገደኛ ፉርጎ በኤችኦ 30 ሴንቲሜትር ይሆናል። መጠምዘዣው ራዲየሱ 36 ሴንቲሜትር ብቻ ከሆነ፣ የፉርጎው ጫፍ ወደ ውጭ ወጥቶ ያስጠላል። ጠረጴዛዎ ትንሽ ከሆነ አጫጭር ፉርጎዎችን ይግዙ።

«ሐዲዶቹ ከተያያዙ ኤሌክትሪኩ በራሱ ይዳረሳል።»
ለትንሽ ክብ ይበቃል። መስመሩ ሲረዝም ግን ማያያዣዎቹ እየላሉ ይሄዳሉ፤ ባቡሩም ራቅ ሲል ይደክማል። በየተወሰነ ርቀት ከሥር ሽቦ በሊድ ይበየድ፤ ሐዲዱ ጠረጴዛው ላይ በሚስማር ከመመታቱ በፊት።