«አሉ» የሚባልበትና የማይባልበት፦ የላኮታ ተረትና ታሪክ

ላኮታዎች በሰሜን አሜሪካ ሰፊ ሜዳ ላይ ጎሽ እያደኑ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ሰባት ነገዶች አሏቸው። «ሱ» በሚለው ስም የሚያውቃቸው ሰው ይበዛል። ዛሬ ፓይን ሪጅ፣ ሮዝበድና ስታንዲንግ ሮክን የመሳሰሉ የተከለሉ መሬቶቻቸው በደቡብና በሰሜን ዳኮታ ይገኛሉ።

በላኮታ ቋንቋ ተረትና ታሪክ የየራሳቸው ስም አላቸው። «ኦሁንካካን» ተረት ነው። «ዊቾዎያኬ» ደግሞ በእውን የሆነ ነገር ወሬ ነው። ተረት የሚነገረው በክረምት፣ ያውም ከመሸ በኋላ ነው። ክረምታቸው ታዲያ እንደኛ የዝናብ ሳይሆን የበረዶ ነው።

ተረት ነጋሪው እየደጋገመ «ኬያፒ» ይላል። ልክ የኛ «አሉ» ነው። እኔ አላየሁም፣ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ ማለቱ ነው። ስለ ተራኪ ማንነት መጻሕፍት ብዙ ገጽ የሚፈጁበትን ነገር አንዲት ቃል ትጨርሰዋለች።

የተረቱ ዋና ገጸ ባሕርይ ኢክቶሚ ነው። ስሙ ሸረሪት ማለት ነው። ብልጥ ነው፣ ሆዳም ነው፣ ብልጠቱም መልሶ ራሱን ይጥለዋል። አንድ ቀን የሆነ ነገር ጠቅልሎ ተሸክሞ ሲሄድ ዳክዬዎች ያዩታል። «ምንድን ነው የተሸከምከው?» ይሉታል። «ዘፈን ነው» ይላቸዋል። ዝፈንልን ሲሉት ጎጆ ውስጥ ያስገባቸዋል። «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጨፍሩ» ይላል። እነሱ ሲጨፍሩ እሱ በዱላ አንድ በአንድ ይጥላቸዋል። አንዱ ዓይኑን ከፈት አድርጎ ያይና «ሩጡ!» ብሎ ይጮኻል። ዓይኑ የቀላው ከዚያ ወዲህ ነው አሉ። ብዙ ጊዜ ተረቱ በዚህ አያበቃም፤ ኢክቶሚ የገደላቸውን ዳክዬዎችም ሌላ አውሬ ይበላበታል።

ለታሪኩ ደግሞ «ዋኒዬቱ ዎዋፒ» አላቸው፤ የክረምት ቆጠራ ማለት ነው። ዓመቱ ከበረዶ እስከ በረዶ ይቆጠራል። ሽማግሌዎች ተመካክረው አንድ ክስተት ይመርጣሉ፣ ጠባቂው በቆዳ ላይ ይስለዋል፣ ዓመቱም በዚያው ይጠራል። የሚመረጠው የግድ ትልቁ ጉዳይ አይደለም፤ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ነው። በብዙ ቆጠራዎች ላይ ከዋክብት የዘነቡበት ዓመት አለ። ይህ በኅዳር 1833 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የታየው የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ ነው። ተመራማሪዎችም የተለያዩ ቆጠራዎችን ያመሳከሩት በእሱ ነው።

ከሁሉ የታወቀው የሎን ዶግ ቆጠራ ነው። ሰውዬው ራሱ የላኮታ ዘመድ ከሆኑት ከያንክቶናዮች ነበር። ሥዕሎቹ ከመሐል ተነስተው እየተጠማዘዙ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ከ1800 እስከ 1871 ይዘልቃሉ። የመጀመሪያው ሠላሳ ጥቁር መስመር ብቻ ነው፤ በክሮው ሕዝብ የተገደሉ ሠላሳ ሰዎች ማለት ነው። ቀጥሎ ፈንጣጣ ይመጣል፤ ሥዕሉ ሰውነቱ በቀይ ነጠብጣብ የተሸፈነ ሰው ነው። ሥዕሉ ግን ብቻውን አይናገርም። ጠባቂው አፉን ከፍቶ ካልተረከው ነጠብጣብ ነው።

ይህን ሁሉ አደጋ ላይ የጣለው የመሬቱ ነገር ነው። ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተደረገው የ1868ቱ የፎርት ላራሚ ውል ብላክ ሂልስ የተባሉትን ተራሮች ለእነሱ ሰጥቶ ነበር። በ1874 ወርቅ ተገኘ፣ በ1877 ተራሮቹ ተወሰዱ። በታኅሣሥ 1890 ዉንድድ ኒ በተባለ ቦታ ከ250 በላይ ላኮታዎች በአሜሪካ ወታደሮች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ልጆች የተላኩባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶችም ቋንቋቸውን ከለከሏቸው።

ተረቶቹን ከአፍ ወደ ወረቀት ካሻገሩት አንዷ ኤላ ዴሎሪያ ናት። በ1889 ተወልዳ ስታንዲንግ ሮክ አደገች። በ1932 በላኮታና በእንግሊዝኛ 64 ተረቶች አሳተመች። በኋላ «ዋተርሊሊ» የተባለ ልቦለድ ጻፈች። የልቦለዱ ጉልበት ከጦርነት አይመጣም፤ ከዝምድና ሕግ ነው። በላኮታ ወግ አማች ከአማቱ ጋር ፊት ለፊት አያወራም። አንድ ድንኳን ውስጥ ሆነው አለመነጋገራቸው ራሱ አክብሮት ነው። ደራሲ ለዚህ ምን ሌላ ግጭት ይፈልጋል?

መጽሐፉ የታተመው በ1988 ነው፣ እሷ ካረፈች ከ17 ዓመት በኋላ።