በአዲስ የተለሰነ የመዋኛ ገንዳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጎንደር ገንዳ የሚያስለስኑ ሰዎች ለግንበኛውና ለሲሚንቶው ይጨነቃሉ፤ ውሃው ከገባ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ወር ግን ብዙዎቹ እንደ ሥራ አይቆጥሩትም። እኔ በተደጋጋሚ ከሰማኋቸው የተሳሳቱ አባባሎች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

«ልስኑ ደርቋል፤ ዛሬ ሞልተን ነገ እንከፍታለን።»

በነጭ ሲሚንቶና በእብነበረድ ዱቄት የተሠራ ልስን ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና እየጠነከረ ነው። ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይወጣዋል፤ ይህም የፋሲል ግቢን ግንብ ያያያዘው ኖራ ውሃ ሲያገኝ የሚሆነው ንጥረ ነገር ስለሆነ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። ይህ ኖራ ወደ ውሃው እየሟሟ ለ28 ቀናት ያህል ፒኤቹን (የውሃውን አሲዳማነት ወይም አልካላይነት የሚያሳየውን ልኬት) ወደ ላይ ስለሚገፋው፣ ፒኤቹን በየቀኑ እየለኩ ከ7.2 እስከ 7.6 ባለው ውስጥ መመለስ ያስፈልጋል። «ትናንት አስተካክዬዋለሁ» የሚለው መልስ በዚህ ወር ዋጋ የለውም። ክሎሪንም ቢሆን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በኋላ፣ በባልዲ ውሃ ተሟሙቶ እንጂ ዱቄቱ ወለሉ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ አይጨመርም።

«ነጩ ብናኝ የግንበኛው ጥፋት ነው፤ አሲድ ያጠፋዋል።»

ብናኙ በአብዛኛው ከልስኑ የወጣው ኖራ በውሃው ውስጥ ካለው ባይካርቦኔት ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ ግድግዳውንና ወለሉን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግና ፊልተሩን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ ያየሁትን ልጥቀስ፦ ጠባቂው በብናኙ ተማርሮ አንድ ሙሉ ጀሪካን አሲድ በአንድ ጥግ ገለበጠበት። ብናኙ በእርግጥ ጠፋ፤ ጥጉ ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻክሮ ቀረ፣ የዋናተኞችን እግርም ይልጥ ጀመር። ለማነጻጸር ያህል፣ 50 ሜትር ኩብ በሚይዝ ገንዳ ውስጥ አንድ ሊትር 31 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አልካሊኒቲውን (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን) በ10 ሚሊግራም በሊትር ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ አሲድ የሚጨመረው ተለክቶ፣ ፓምፑ እየሠራ፣ በብዙ ውሃ ቀጥኖና ዙሪያውን ተሰራጭቶ ነው። ሁልጊዜም አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም፤ ከክሎሪን ጋር ደግሞ ፈጽሞ አይገናኝም፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋልና።

«ውሃው እንደ መስታወት ከጠራ ሚዛኑን ጠብቋል።»

ጥራትና ሚዛን የተለያዩ ናቸው። ካልሲየም የሚያንሰው ውሃ፣ ምንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ የጎደለውን ከልስኑ እያሟሟ ይወስዳል። የካልሲየም ሃርድነሱ (በውሃው ውስጥ የሟሟው የካልሲየም መጠን) ከ200 እስከ 400፣ አልካሊኒቲው ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን ልስኑ ይጠበቃል። ከአንገረብ ግድብ የመጣ ውሃ፣ ከጉድጓድ የተቀዳና በቦቴ የተገዛ ውሃ አንድ ዓይነት ናቸው ብሎ መገመት አይገባም፤ ከመሙላቱ በፊት መመርመር ርካሽ ነው። አልካሊኒቲው ካነሰ 50 ሜትር ኩብ በሚይዘው ገንዳ 840 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ በ10 ሚሊግራም በሊትር ከፍ ያደርገዋል።

«የፋሲል መዋኛ ያለ ኬሚካል ይሞላ የለም እንዴ?»

የዚያ ኖራ ከጠነከረ ዘመናት አልፈዋል፤ ከቀሃ ወንዝ የሚገባው ውሃም ለጥምቀት እንጂ ዓመቱን ሙሉ ለዋና የሚቀመጥ አይደለም። ንጽጽሩ አይሠራም።

«በፈረቃ ውሃ ትንሽ በትንሽ ቢሞላስ?»

በቅደም ተከተል ይህ መጀመሪያ መነሳት ነበረበት። መሙላት ተቋርጦ ውሃው አንድ ከፍታ ላይ ሲቆም በልስኑ ላይ የማይለቅ ቀለበት ሊተው ይችላል። ስለዚህ ታንከሩ ሳይሞላና ቦቴው ሳይቀጠር መሙላት አይጀመርም። የቱቦው ጫፍም ውሃው አዲሱን ልስን እንዳይቦረቡር በጨርቅ ተጠቅልሎ በጥልቁ ወለል ላይ ይቀመጣል።