የሳተላይት መረጃና የጎርፍ ዝግጅት በጎጃም

የጎጃም ጎርፍ ሁለት መልክ አለው። ከጮቄና ከሰከላ ደጋ የሚወርደው ደራሽ ጎርፍ በሰዓታት መጥቶ ያልፋል። በግልገል አባይ ግርጌና በጣና ዳርቻ ግን ውኃው ሜዳው ላይ ተኝቶ ይሰነብታል፤ ሳተላይት ይበልጥ የሚጠቅመውም እዚህ ነው።

ቀድሞ የነበሩት የአሜሪካው ላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ክረምት ላይ በደመና ስለሚሸፈኑ እምብዛም አልረዱም።

ነገሩ የተለወጠው በ2006 ዓ.ም. የአውሮፓው ሴንቲኔል አንድ ሲመጥቅ ነው። ራዳሩ የራሱን ጨረር ልኮ የሚመለሰውን ስለሚለካ በነሐሴ ደመና ውስጥ አልፎ መሬቱን ያያል። የተጥለቀለቀውን መሬት ለመለየት ሁለት ምስል ይበቃል፤ አንዱ መሬቱ ደረቅ ሳለ የሚያዝያ፣ ሌላው በጎርፉ ጊዜ የነሐሴ። ሁለቱም ከአንድ ምሕዋርና ከአንድ አቅጣጫ መነሣት አለባቸው፤ አለበለዚያ የተራራው ጥላ ውኃ መስሎ ይወጣል። ምስሉ ከተስተካከለና የራዳር ምስል ዥንጉርጉር ነጠብጣብ ከተቀነሰ በኋላ ውኃን ከደረቅ መሬት የሚለየው የድምቀት ወሰን ይቆረጣል፤ በቪቪ ምስል (ጨረሩ በቁም አቅጣጫ ተልኮ በቁም አቅጣጫ በሚለካበት) ብዙ ጊዜ ከ-15 እስከ -18 ዴሲቤል (የተመላሹ ጨረር ጥንካሬ መለኪያ) ባለው መካከል ይገኛል። ከዚያ የሐይቁና የወንዙ ቋሚ ውኃ ይቀነሳል፣ ውኃ የማይተኛበት ዳገትም መሬቱን በየ30 ሜትሩ በሚያሳይ የከፍታ መረጃ ተለይቶ ከካርታው ይወገዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደንገል ላይ ነው። የተኛ ውኃ በራዳር ጥቁር ሆኖ ይታያል። ደንገል ውስጥ ግን ጨረሩ ከውኃው ነጥሮ ግንዱን ይመታና ወደ ሳተላይቱ ስለሚመለስ፣ የተጥለቀለቀው ቦታ ከደረቁ በልጦ ይደምቃል። ነፋስ የጣናን ገጽ ሲያናውጠውም ውኃው ይነጣል። አንድ የሴንቲኔል አንድ ሳተላይት ወደ ቦታው የሚመለሰው በ12 ቀን ስለሆነ ጎርፉ የበረታበት ቀን ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ከሚመዘገበው አይመርግ ከተባለው የሳተላይት የዝናብ ግምት ጋር ማያያዝ ግድ ነው፤ እሱም ቢሆን የደጋውን ዝናብ አሳንሶ ሊገምት ስለሚችል በዝናብ መለኪያ ጣቢያ ይታረማል።

ዳርቻው የሚጥለቀለቀው ጣና ስለሚሞላ ነው ወይስ ግልገል አባይ በሚያመጣው ደለል ስለሚታገድ የሚለው ያከራክራል፤ ሁለቱም ድርሻ ያላቸው ይመስላል። አባይ ከጣና በሚወጣበት ያለው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን የውኃ ከፍታ እንደሚቆጣጠር ግን አያጠራጥርም።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የራሳችን የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ አንድ የያዘችው ካሜራ በፀሐይ ብርሃን የሚያነሣ እንጂ ራዳር ስላልሆነ ደመና አይሻገርም። እርሷን የመሰለ የብርሃን ካሜራ ከክረምት በፊትና በኋላ የእርሻ ሽፋንንና የሸለቆ መሸርሸርን ለመለየት ይውላል።

ለዝግጅት የየዓመቱ ምስል ይደራረብና ስንት ክረምት ውኃ እንደተኛበት ይቆጠራል። ካርታው ላይ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና የእህል ጎተራ ይታከልበታል፤ የከብት መሸሻ የሚመረጠውም በዚሁ ነው። ግንቦት ሳያልቅ ቀበሌ ደርሶ፣ ገበሬዎቹ በዛፍ ግንድ ላይ ከሚያሳዩት የጭቃ ምልክት ጋር መመሳከር አለበት።