የስፖርት መኪና ዋጋና ጥራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ፌራሪ ካየ፣ ከጎኑ ያለው አንገቱን አስግጎ አስተያየት መስጠቱ አይቀርም። አንዱ «ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ምን እንከን ይኖረዋል?» ይላል። ሌላው «ስም ነው እንጂ ውስጡን ለቄስ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። ሁለቱም ይሳሳታሉ። የስፖርት መኪና ፋብሪካም እንደማንኛውም ነጋዴ በጀት አለው፤ አንድ ቦታ ላይ ገንዘቡን ያፈሳል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይቆጥባል። መጠየቅ ያለበት የት እንደቆጠበ ነው።

«ውድ ከሆነ እያንዳንዱ ዕቃ ለእሱ ብቻ የተሠራ ነው»

እ.ኤ.አ. በ1992 ብቅ ያለው ማክላረን ኤፍ 1 የሞተሩ ክፍል ሙቀት እንዲመልስ በስስ ወርቅ ተለብጧል። የኋላ መብራቱ ግን ከቦቫ አውቶቡስ የመጣ ነው። የጃጓር ኤክስጄ 220 የኋላ መብራት የተወሰደው ከተራው ሮቨር 200 ሲሆን፣ ላምቦርጊኒ ዲያብሎም ከ1999 ጀምሮ የኒሳን 300 ዜድኤክስን የፊት መብራት ለብሷል።

ይህ ማጭበርበር አይደለም። ለአንድ መብራት ሻጋታ ማስቀረጽና የሕግ ፍተሻዎችን ማሳለፍ ብዙ ያስወጣል፤ ማክላረን ኤፍ 1 ደግሞ በጠቅላላ 106 ብቻ ነው የተሠራው። የአዘዞ መካኒክም የአንዱን ቶዮታ ዕቃ ለሌላው ይገጥም የለ? የፋብሪካው ልዩነት ከመጀመሪያው አስልቶ ማድረጉ ነው። እንዲያውም ከአውቶቡስ የመጣ መብራት ብዙ መንገድ የተፈተነ ነው።

«ቁጠባው መብራትና ፕላስቲክ ላይ ነው፤ ሞተሩን ማንም አይነካውም»

ኪስ የሚያራግፈው ይህኛው ነው። ፖርሽ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሊከስር አፋፍ ላይ ነበር። ከቶዮታ የወጡ ጃፓናውያን አማካሪዎችን አስመጥቶ አሠራሩን ቀየረ። በ1996 የወጣው ቦክስተርና ተከትሎት የመጣው፣ «996» በሚል መለያ የሚታወቀው የፖርሽ 911 ትውልድ ከአፍንጫቸው እስከ በራቸው አንድ ዓይነት ሆኑ፤ የፊት መብራት፣ ፍሬቻና የጭጋግ መብራት በአንድ ዕቃ ተጠቃለሉ። ኩባንያው በዚህ ዳነ። ተቺዎች ግን ለዓመታት በመብራቱ ቅርጽ ሲሳለቁ ኖሩ።

ዋናው ጣጣ ያለው ግን ከማይታየው ቦታ፣ ሞተሩ ውስጥ ነው። ካምሻፍቶቹን (ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች) የሚያንቀሳቅሰው መካከለኛ ዘንግ በአንድ ጫፉ የተቀመጠው በታሸገ ኩሽኔታ ላይ ነው። ኩሽኔታው የሚለሰልሰው በራሱ ግራሶ ሲሆን፣ ማሸጊያው ሲደክም የሞተር ዘይት ሰርጎ ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል። ኩሽኔታው ከተሰበረ የቫልቭና የፒስተን ቅንጅት ይፈርሳል፤ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አበቃለት። ሁሉም ይሰበራሉ ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ዛሬም ይሄዳሉ። ለ2009 ሞዴል የመጣው አዲስ ሞተር ግን ያንን ዘንግ ጭራሽ አስቀርቶታል፤ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም። አሮጌውን የሚገዛ ሰው ኮፈኑን በጨርቅ እያሻሸ ከሚያደንቅ፣ ፍሪሲዮን ሲወርድ ኩሽኔታውም ተቀይሮ እንደሆነ ወረቀት ይጠይቅ።

«ቀለሙ ከሳሳ፣ ምንጣፍ ከሌለው ረክሷል»

በ1987 የወጣው ፌራሪ ኤፍ 40 ቀለሙ ከመሳሳቱ የተነሳ ገላው የተሠራበት የካርቦን ፋይበር ሽመና ከስር ይታያል። ምንጣፍ የለውም፤ በሩም ከውስጥ የሚከፈተው በገመድ ተጎትቶ ነው። ይህ ሁሉ ክብደት ለመቀነስ ነው። ርካሽ ነገር ማየት ለሚፈልግ የ1990ዎቹ መጨረሻና የ2000ዎቹ መጀመሪያ ፌራሪዎች አሉለት፦ ውስጣቸው ያሉት የሚጫኑ ቁልፎች የተቀቡት ለስላሳ ልባስ ሲያረጅ ይሟሟና ጣት ላይ ይጣበቃል። ሲገዛ የሚያምረው ይህኛው ነበር፤ ማማር ሌላ፣ መበርከት ሌላ።

«በእጅ የተሠራ ሁሌም ይበልጣል» የሚባለውም ለቆዳ ስፌት እንጂ ለላሜራ አይሠራም። የበርና የኮፈን ክፍተት እኩል እንዲሆን ከተፈለገ ሮቦት ይሻላል።

«የሚያጓራው ሞተሩ ነው»

በከፊል ብቻ። በ2011 የወጣው ቢኤምደብሊው ኤም 5 የሞተሩን ድምፅ ለሾፌሩ የሚያጎላው በድምፅ ማጉያ ነው።

«ፋብሪካው መልሶ ከጠራው መኪናው ብልሹ ነው»

ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ2010 «458 ኢታሊያ» የተባሉ 1,248 መኪኖችን ለጥገና መልሶ ጠርቷል። የጎማ ቤቱን የሙቀት መከላከያ የያዘው ማጣበቂያ በሙቀት እሳት ሊያስነሳ ይችል ነበር፤ መፍትሔው በማጣበቂያው ፈንታ በብረት ማሰር ሆነ። ፖርሽም በ2014 «911 ጂቲ 3» የተባሉ 785 መኪኖችን ሞተር በሙሉ ለመቀየር ወስኗል። የሚያስፈራው ችግሩን ያመነ ፋብሪካ ሳይሆን ዝም ያለው ነው።

«ጎንደር ላይ ከደከመ የተነገረው ፈረስ ጉልበት ውሸት ነበር»

ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል፤ በዚህ ፋብሪካውን መውቀስ አይገባም። ተርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በአብዛኛው ይሸፍናል። ኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ከነጭራሹ አየር አይፈልግም። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ከእንግዲህ የሚመጣውን አዲስ ፈጣን መኪና ከፍታው አያስቸግረውም። ኮብልስቶኑ ግን ያው ነው።